ያነሰው ናፍጣ አይደለም

ይህ ምልልስ የሚካሄደው በሐዋሳ ቱላ፣ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለ ጋራዥ ነው። ተናጋሪዎቹ የጋራዡ ባለቤት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሞተር ትምህርት የምታስተምር የእህቱ ልጅና አንድ የአይሱዙ ሾፌር ናቸው። ሰዎቹ ለጽሑፉ የተፈጠሩ ናቸው፤ የሚከራከሩበት ነገር ግን በየጋራዡ ያለ ነው።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ ፖምፓዋን ትንሽ ይክፈቱልኝ። ጭነት ይዤ ከይርጋ ጨፌ በላይ ያለውን ዳገት ስጀምር ጉልበቷ ያልቃል። ሁለተኛ ማርሽ ካላስገባሁ ንቅንቅ አትልም።

ባለጋራዡ፦ ጭሷስ?

ሾፌሩ፦ ጥቁር ነው። ግድ የለም፣ ጉልበት ትስጠኝ እንጂ።

ባለጋራዡ፦ አንተ ልጅ፣ መፍቻውን አቀብለኝ።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ እስኪ አይንኩት። ጥቁር ጭስ እያወጣች ሌላ ናፍጣ ይጨመርላት?

ባለጋራዡ፦ መጣችልህ! ኮምፒውተር ላይ ሞተር የምታስነሳው የእህቴ ልጅ ናት። እስኪ ንገሪኝ፣ ያንቺ ሞተር ይጨሳል?

መምህርቷ፦ ይጨሳል እንጂ፤ የሚጨሰው በቁጥር ነው። ሞዴል የምንለው ሌላ ተአምር አይደለም። ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው ናፍጣ መቼ እንደተቀጣጠለ፣ ኮሎው በዞረ በየዲግሪው ምን ያህሉ እንደነደደ፣ የወጣው ሙቀት ስንቱ ፒስቶን እንደገፋና ስንቱ በግድግዳውና በጭስ ማውጫው እንደሄደ በሒሳብ መከታተል ነው።

ባለጋራዡ፦ ማን አይቶት? ቴስታታው ተዘግቷል፣ ጓርኒሲዮኑ ታስሯል። በዚህ ሙያ ስኖር እሳቱን በዓይኔ አላየሁትም።

መምህርቷ፦ እኛም አላየነውም። የምንለካው ግፊቱን ነው። ቴስታታው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ የማሞቂያ ካንዴላ ያለው ሞተር ከሆነ በካንዴላው ቦታም ይሆናል። እዚያ ኳርትዝ ያለው መለኪያ ይገባል። ኳርትዝ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኮሎው ጫፍ ላይ ደግሞ ዲግሪ የሚቆጥር መሣሪያ ይታሰራል። ከዚያ በየዲግሪው ግፊቱ ስንት እንደሆነ ይመዘገባል።

ባለጋራዡ፦ ግፊት ሙቀት አይደለም።

መምህርቷ፦ አይደለም፤ ግን ሙቀቱን ያሳብቃል። ፒስቶኑ ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ቦታው ይሰፋል፣ ግፊቱም መውረድ አለበት። የቦታውን ስፋት ከሲሊንደሩ ዲያሜትርና ከስትሮኩ አስልተን እናውቃለን። ሳይቃጠል ቢሆን ግፊቱ በየዲግሪው ስንት መሆን እንደነበረበትም እናውቃለን። የተለካው ከዚያ በልጦ ከተገኘ፣ ትርፉን ያመጣው እሳት ነው። በዚህ መንገድ ከግፊት ተነስተን ወደ ሙቀት ወደ ኋላ እንሄዳለን። ግድግዳው የጠጣው ሙቀት መደመር አለበት፤ ለእሱ ዎሽኒ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣውን ቀመር እስካሁን እንጠቀማለን።

ባለጋራዡ፦ በፋሻው በኩል ወደ ታች የሚያመልጠውስ?

መምህርቷ፦ እሱም ይደመራል። አዲስ ሞተር ላይ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይተወዋል።

ባለጋራዡ፦ ቱላ ውስጥ አዲስ ሞተር አሳዪኝ!

መምህርቷ፦ ወደዚያ እመጣለሁ። አንድ ነገር ግን ላስቀድም፤ እርስዎ ታይሚንግ ሲያስሩ ቮላኖው ላይ ያለውን ምልክት አጥብቀው የሚፈልጉት ለምንድን ነው?

ባለጋራዡ፦ የፒስቶኑን ጫፍ ከሳትኩ ሁሉም ነገር ተሳተ።

መምህርቷ፦ እኛም ዘንድ እንደዚያው ነው። ጫፉን በ1 ዲግሪ የሳተ ሰው፣ ሞተሩ ሠራ ብሎ የሚያስበው ሥራ እስከ 10 በመቶ ሊዛባበት ይችላል። ብዙ የሚያምሩ ግራፎች የወደቁት በዚህ ነው።

ሾፌሩ፦ እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ለኔ አይሱዙ ምን ያደርግላታል?

መምህርቷ፦ ትንሽ ታገሠኝ። ናፍጣ ተረጭቶ ወዲያው አይነድም። መጀመሪያ መበተን፣ መትነን፣ ከጋለው አየር ጋር መቀላቀል አለበት። ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ የአንድ ሰከንድ አንድ ሺኛ አካባቢ። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ሲዞር ግን በአንድ ሺኛ ሰከንድ ኮሎው 9 ዲግሪ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኖዝሉ መርጨቱን አያቆምም። ስለዚህ የተጠራቀመው ናፍጣ ሲቀጣጠል በአንዴ ነው።

ባለጋራዡ፦ ያ ነው የሚያንኳኳው። ጠዋት ሲበርድ “ቀው ቀው” የሚለው።

መምህርቷ፦ ትክክል። እርስዎ በጆሮ የሚሰሙት እኛ ግራፍ ላይ ሹል ጫፍ ሆኖ የሚታየን ነው። ከዚያ በኋላ የሚነደው ቀስ ብሎ ነው፤ ናፍጣው አየር ባገኘ መጠን ብቻ ይነዳል። ሃሪ ሪካርዶ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ይህን ጉዞ በደረጃ ከፋፍሎ ጽፎታል፤ መዘግየት፣ ድንገተኛ መንደድ፣ በርጭቱ ልክ መንደድ። እስካሁን የምናስተምረው እሱን ነው።

ባለጋራዡ፦ የወፍጮ ቤቶቹ ሊስተርስ? ባለ አንድ ሲሊንደሩ። እሱ እንደዚህ አይጮህም።

መምህርቷ፦ ጥሩ ጠየቁኝ። የድሮው ሊስተር 6 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ የሚዞር ሞተር ነው። እዚያ አንድ ሺኛ ሰከንድ ማለት 4 ዲግሪ አይሞላም። ናፍጣው ለመዘጋጀት ሰፊ ጊዜ አለው፤ ፒስቶኑ ይጠብቀዋል። ገጠር ውስጥ ያገኘውን ናፍጣ እየጠጣ፣ በስንት ባለወፍጮ እጅ እያለፈ ዕድሜ የሚቆጥረው አንድም በዚህ ነው። የፈጣኑ ሞተር ጣጣ ሁሉ የጊዜ ጣጣ ነው።

ባለጋራዡ፦ እሺ፣ ይህን ወደ ሒሳብ የለወጠው ማነው?

መምህርቷ፦ ብዙ ሰዎች ናቸው፤ በየቦታው የሚጠቀሰው ግን ኢቫን ቪቤ ነው። የሶቪየት ሰው ነው፤ የትራክተር ፋብሪካ ባላት በቼልያቢንስክ ከተማ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያወጣት ቀመር ዛሬም በየላቦራቶሪው አለች። የነደደውን ናፍጣ ድርሻ ከጊዜው ጋር ታገናኛለች። በውስጧ ሦስት ነገር ብቻ ይፈለጋል፤ እሳቱ የጀመረበት ዲግሪ፣ የቆየበት ዲግሪና አንድ የቅርጽ ቁጥር። 6.9 የሚል ቋሚ ቁጥርም አለባት፤ 99.9 በመቶው ሲነድ “አለቀ” እንድንል ተብሎ የተመረጠ ነው።

ባለጋራዡ፦ የቅርጽ ቁጥሩ ምን ይሠራል?

መምህርቷ፦ እሳቱ ቸኩሎ መጀመሩን ወይም ዘግይቶ መበርታቱን ይናገራል። እሳቱ 60 ዲግሪ ቆየ እንበል። የቅርጽ ቁጥሩ 1 ከሆነ፣ በ30ኛው ዲግሪ ላይ 82 በመቶው ነዷል። 2 ከሆነ በዚያው ቦታ የነደደው 58 በመቶ ብቻ ነው። ናፍጣው ያው፣ ሙቀቱ ያው። ነገር ግን ዘግይቶ የነደደው ፒስቶኑ ከወረደ በኋላ ስለሆነ ጉልበቱ በማርሚታ በኩል ይወጣል።

ባለጋራዡ፦ አንድ ቁጥር ድንገተኛውንም ቀስተኛውንም እንዴት ይገልጻል? ሁለት ዓይነት እሳት ነው ብለሽኛል።

መምህርቷ፦ አይገልጽም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1980 ዋትሰን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሁለት ኩርባ የደመሩት፤ አንዱ ለድንገተኛው፣ አንዱ ለቀስተኛው። የእያንዳንዱን ድርሻ የሚወስነው የመዘግየቱ ርዝመት ነው። መዘግየቱ ሲረዝም ድንገተኛው ይበረታል።

ባለጋራዡ፦ ይሄ ገባኝ። ግን ልንገርሽ፣ ወረቀት ሞተር አይሠራም።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ይህ ሞተር የተሠራው ከወረቀት ተነስቶ እኮ ነው! ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1893 መጽሐፍ ሲያሳትም የሚነሳ ሞተር አልነበረውም። ነዳጁ ሲነድ የሲሊንደሩ ሙቀት ሳይጨምር እንዲቆይ አድርጎ አሰላ። እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስበርግ ላይ ሲፈተን ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶውን ወደ ሥራ ለወጠ፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። እሳቱ ግን በወረቀቱ ላይ በተጻፈው መንገድ አልነደደም። ሙቀቱ ጨመረ፣ የቆመው ግፊቱ ነበር። የመጀመሪያው የናፍጣ ሞተር ሞዴል የተሳሳተ ነበር ማለት ነው፤ ሞተሩ ግን ሠራ።

ባለጋራዡ፦ አየሽ! ከኔ ጋር ነው የቆመው።

መምህርቷ፦ ከሁለታችንም ጋር ነው የቆመው። ሞዴሉ ባይኖር ያን ያህል ጨምቆ ለመሞከር ማንም ድፍረት አያገኝም ነበር። አሁን ወደ አይሱዙው እንምጣ። ሞተሯ ምንድን ነው?

ሾፌሩ፦ 4ኤችጂ1። ቱርቦ የላትም።

መምህርቷ፦ አራት ሲሊንደር፣ 4.57 ሊትር። አንዱ ሲሊንደር 1.14 ሊትር ይደርሰዋል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ስለሆነች 82 አካባቢ ነው። ሙቀቱን እኩል ብናደርገው፣ አንዱ ሲሊንደር ጅቡቲ ላይ በአንድ ስበት 1.2 ግራም አየር ይስባል። እዚህ የሚስበው 1 ግራም ነው።

ሾፌሩ፦ አንድ ግራም ብቻ?

መምህርቷ፦ አንድ ግራም። ሳይጨስ እንዲነድ ለ1 ግራም ናፍጣ 20 ግራም ገደማ አየር ያስፈልጋል። ስለዚህ እዚህ ልኩ 50 ሚሊግራም ናፍጣ ነው። በዚህች ናፍጣ ውስጥ 2 ኪሎ ጁል የሚያህል ሙቀት አለ። ሲሦው ወደ ሥራ ቢለወጥ አንድ ኩንታል በቆሎ ከመሬት እስከ ጭንህ ያነሳል። ሞተርህ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር አራቱ ሲሊንደሮች ያንን 4000 ጊዜ ያደርጉታል።

ባለጋራዡ፦ ፖምፓዋ ለባሕር ዳርቻ ተለክታ ከመጣችስ?

መምህርቷ፦ 60 ሚሊግራም ትሰጣለች። ፖምፓው የሚለካው ናፍጣ ነው፤ የአየሩን መቅጠን የሚያይበት ዓይን የለውም። 1 ግራም አየር ለ60 ሚሊግራም ሲካፈል አንድ ለ16 ተኩል ይሆናል። ያን ጊዜ ጭሱ ይጀምራል። እርስዎ ደግሞ የፖምፓውን ብሎን ከፍተው 66 ሲያደርሱት አንድ ለ15 ይሆናል።

ባለጋራዡ፦ ቆይ፣ ናፍጣን ለማቃጠል አንድ ለ14 ተኩል ይበቃል ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ 15 ለምን አይበቃም?

መምህርቷ፦ በኬሚስትሪ ይበቃል። ሲሊንደር ውስጥ ግን እያንዳንዱ ጠብታ ድርሻውን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1997 ጆን ዴክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሳንዲያ ላቦራቶሪ መስኮት ያለው ሞተር ላይ በሌዘር እሳቱን አሳየ። ናፍጣው ከኖዝሉ ትንሽ እንደራቀ ይተናል፤ መሃሉ አየር አጥቶ በግማሽ ይነድና ጥላሸት ይሠራል። ጥላሸቱ የሚበላው ዳር ላይ ያለው ቀጭን እሳት ጋ ሲደርስ ነው። ዳር ላይ አየር ካለ ይጠፋል። ከሌለ በማርሚታ ይወጣና የኋላው ሾፌር መስታወት ላይ ያርፋል።

ሾፌሩ፦ ግን ጋሼ ሲከፍቱልኝ ጉልበት አገኛለሁ፤ ውሸት ነው?

መምህርቷ፦ ትንሽ ታገኛለህ፣ አልክድህም። የጨመርከው ናፍጣ ከፊሉ ይነዳል። አብዛኛው ግን የሚነደው ዘግይቶ ነው፤ ቅድም ያልኩት የቅርጽ ቁጥር ወደ ኋላ የሚጎትተው ማለት ነው። ፒስቶኑን ሳይሆን የጭስ ቫልቩን ያሞቃል። ሂሳቡን ልንገርህ፤ 6 ሚሊግራም ጭማሪ በደቂቃ 4000 ጊዜ 24 ግራም ነው። በሰዓት 1.7 ሊትር ናፍጣ ይመጣል። ዳገት ላይ በየሰዓቱ ይህን ያህል ትከፍላለህ።

ሾፌሩ፦ 1.7 ሊትር! በዛሬ ናፍጣ ዋጋ!

ባለጋራዡ፦ ቫልቭ የበላና ቴስታታ ያጣመመ አይሱዙ ከዚህ ጋራዥ ጠፍቶ አያውቅም፤ እሱን አምንልሻለሁ። ግን አንድ ነገር አትዘንጊ። ያንቺ 50 ሚሊግራም እኩል ለአራቱም የሚደርስ ነው። እኔ ጋ የምትመጣው መኪና አንዱ ኖዝል ያንጠባጥባል፣ አንዱ ደክሟል። ሦስተኛው ሲሊንደር ፋሻው አልቋል። ሞተሩ ሲሠራ የአንዱን ናፍጣ ስፈታበት ድምፁ ካልተለወጠ፣ ያ ሲሊንደር እንደማይሠራ በጆሮዬ አውቃለሁ። ሞዴልሽ ይህን ያውቃል?

መምህርቷ፦ ካልነገሩት አያውቅም። ሲሊንደሩን ሙሉ አንድ ወጥ ጋዝ አድርጎ የሚያስበው ሞዴል የትኛው ኖዝል እንደሚያንጠባጥብ ከየት ያመጣዋል? የተለካ ግፊት ካለን ግን ይታያል። የሚያንጠባጥበው ሲሊንደር እሳቱ ጅራት ያበጃል፤ ሌሎቹ ጨርሰው እሱ ገና ይነዳል። በዚህ ረገድ የእርስዎ ጆሮ ከእኔ ኤክሴል ይቀድማል።

ባለጋራዡ፦ በኤክሴል ነው የምትሠሩት?

መምህርቷ፦ ለአንድ ሲሊንደር በየግማሽ ዲግሪው ለማስላት ኤክሴልም ይበቃል። ከባዱ ስሌቱ አይደለም። ከባዱ ሞተሩ ላይ ተለክቶ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ የግፊት መለኪያው ዋጋው ውድ ነው፣ ቴስታታውን ለማስበሳት የሚፈቅድ ባለመኪናም አይገኝም።

ሾፌሩ፦ የኔን አትበሺም!

ባለጋራዡ፦ አንድ ጥያቄ አለኝ። አየሩ ሲቀጥን ሙቀቱም ይቀንሳል? ጠዋት ነጭ ጭስ የሚያወጡት ለዚያ ነው?

መምህርቷ፦ የሚገርመው ነገር እሱ ነው። የመጨመቂያ ምጣኔው 18 የሆነ ሞተር ውሰዱ። በደፈናው ስናሰላ ጅቡቲ ላይ ተጨምቆ ግፊቱ 50 ባር ይደርሳል፤ ሐዋሳ 41 ባር። የሚገባው አየር ሙቀቱ እኩል ከሆነ ግን ሲጨመቅም እኩል ይግላል፤ በሁለቱም ቦታ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። ስለዚህ እዚህ ናፍጣው የሚዘገየው ከብርድ አይደለም፤ አየሩ ስለሳሳ ነው። ነጭ ጭሱ ሌላ ነው፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው።

ባለጋራዡ፦ ከዘገየ ታይሚንጉን ትንሽ ባስቀድም ይሆናላ። አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ።

መምህርቷ፦ እውነተኛው መድኃኒት አንዱ እሱ ነው። ነገር ግን ይህ ሾፌር መንገዱ አንድ ወጥ አይደለም። ሞያሌ ከሐዋሳ ዝቅ ያለች ናት፤ አየሩ ሲወፍር የተቀደመው ታይሚንግ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። ሞዴል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩን ሳልሰብር ለሐዋሳ፣ ለዳገቱና ለሞያሌ ስንት ዲግሪ እንደሚሻል መሞከር እችላለሁ። የፋብሪካው መመሪያ የተጻፈው ለሌላ አገር አየር ነው።

ሾፌሩ፦ ሲኖትራክ ግን ያንኑ ዳገት እየበረረ ይወጣል።

መምህርቷ፦ ቱርቦ አለዋ። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው የበለጠ እየፈጠነ የጎደለውን በከፊል ይመልሳል። አንተ የለህም። ከአየርህ 19 በመቶ ገደማው ጎድሏል፤ ከጉልበትህም ወደዚያ የሚጠጋ ይጎድላል። ጄኔሬተርም እንደዚያው ነው፤ ያለ ቱርቦ የሚሠራ አንድ ዓይነት ጄኔሬተር ዝቅ ባለችው አዋሽ ሰባትና ከፍ ባለችው ቃሊቲ ቢተከል እኩል ኪሎዋት አይሰጥም። ሐዋሳ ሆቴል ከፍቶ ጄኔሬተር የሚገዛ ሰው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አምኖ ከገዛ መብራት በጠፋ ቀን ያየዋል።

ሾፌሩ፦ ስለዚህ ምንም ሊደረግላት አይችልም?

ባለጋራዡ፦ ማነው ያለው? አንተ ልጅ፣ መፍቻውን መልስ፤ የአየር ፊልትሮውን አውጣ። ... ይኸው! በዚህ በኩል ፀሐይ አያሳይም። መቼ ቀየርከው?

ሾፌሩ፦ ሁልጊዜ በኮምፕሬሰር አስነፋዋለሁ።

ባለጋራዡ፦ ስታስነፋው ወረቀቱን ትቀድዳለህ፤ ያልተቀደደውን አቧራው ይደፍነዋል። እሷ 1 ግራም ያለችው አየር ይህን ካለፈ ነው።

መምህርቷ፦ ፊልትሮው ሲደፈን መኪናዋ ሳትወጣ ከፍታ ላይ እንደወጣች ነው። ሞዴሉ ውስጥ የማስገባው ቁጥር ያው ነው፤ የመግቢያ ግፊት።

ባለጋራዡ፦ ስማኝ። ፊልትሮ ትገዛለህ። ኖዝሎቹን አውጥቼ አስፈትናለሁ፤ የሚያንጠባጥበውን እንቀይራለን። ቫልቩን እናስተካክላለን። ከዚያ ታይሚንጉን አይቼ፣ ፖምፓውን ካሊብሬሽን ቤት ልከን ወደ ልኩ እናስቀንሳለን።

ሾፌሩ፦ እናስከፍታለን ብዬ መጥቼ እናስቀንሳለን?

ባለጋራዡ፦ አዎ። ከዚያም በኋላ ዳገቱ ላይ ባሕር ዳርቻ ያለችውን አይሱዙ አትሆንም፤ ጭነትህን ቀነስ አድርግ። ለጓደኞችህም ንገርልኝ፦ ጥቁር ጭስ ይዛችሁ ስትመጡ “ፖምፓ ክፈት” አትበሉኝ። መጀመሪያ ፊልትሮውን አሳዩኝ፣ ቀጥሎ ኖዝሉን አስፈትኑ፤ የፖምፓውን ብሎን የመጨረሻ አድርጉት።